ቸርኬ ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቸርኬ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ ይዞ ይሄዳል፦ የጎማውን ቁጥርና የቀዳዳውን ብዛት። «14፣ ባለ 4 ቀዳዳ» ይላል፤ ሻጩም አውርዶ ይሰጠዋል። እኔም እንደዚያ ገዝቻለሁ። መኪናው ቆሞ ሳለ ሁሉም የሚያምር ስለሚመስል፣ ስህተቱ የሚታወቀው መንገድ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ቀዳዳ ቆጥሮ ማቆም ነው። ቀዳዳዎቹ በአንድ የማይታይ ክብ ላይ ተደርድረዋል፤ የዚያ ክብ ዲያሜትር ደግሞ ከመኪና መኪና ይለያያል። ቪትዝና የ1990ዎቹ ኮሮላ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) 4 በ100 ናቸው፣ ማለትም 4 ቀዳዳ በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ፤ በርካታ የፔጆ ሞዴሎች ግን 4 በ108። ሃይሉክስ 6 በ139.7 ነው። በእነዚህ መካከል ተሳስቶ ማሰር አይሆንም፤ ቸርኬው ራሱ አልገባም ይላል።

እኔን የሚያስፈራኝ ለጥቂት የሚገባው ነው። ራቭ ፎር 5 በ114.3 ነው፤ አሁን አዲስ አበባን የሞላው የቮልስዋገን አይዲ ፎር 5 በ112። የራቭ ፎር ቸርኬ አይዲ ፎር ላይ ሲታሰር እያንዳንዱ ቀዳዳ ከቦታው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይስታል። በኃይል ካጠበቁት ይገባል። ነገር ግን ቡሎኑ ተጣሞ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ተደግፎ ነው የተቀመጠው። በየዙሩ እየታጠፈ እየተቃና ይደክማል፣ ይላላል፣ አንድ ቀን ይበጠሳል። «ትንሽ ነው፣ ጥብቅ አድርጌ አስሬዋለሁ» የሚልዎትን ሰው እባክዎ አይስሙ።

ይህን ልዩነት በዓይን መለየት አይቻልም። ባለ 4 ወይም ባለ 6 ቀዳዳ ከሆነ፣ ከአንዱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ እስከ ፊት ለፊቱ ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ይለኩ፤ የክቡን ዲያሜትር ያገኛሉ። ባለ 5 ቀዳዳ ፊት ለፊት የሚተያይ ጥንድ ስለሌለው፣ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ከመሐል እስከ መሐል ለክተው በ1.701 ያባዙ። 67.2 ሚሊ ሜትር ከመጣ 114.3 ነው፤ 65.8 ከሆነ 112። ልዩነቱ 1.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የልብስ ሰፊ ሜትር አያዋጣም፤ ካሊፐር (ሚሊ ሜትርን ከፋፍሎ የሚለካ መሣሪያ) ይዋሱ።

ሁለተኛው ስህተት የእኔ ነበር፦ የመሐሉን ቀዳዳ መርሳት። ለኮሮላዬ 4 በ100 የሆነ የአሉሚኒየም ቸርኬ ገዛሁ፤ ልክ ነበር። ወደ አዳማ ስወጣ ግን ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይ መሪው በእጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሦስት ጊዜ ባላንስ አሠራሁ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ጎሚስታ የመሐሉን ክዳን ነቅለው በሞዞውና (የቸርኬው የመሐል ቀዳዳ በሚያርፍበት የመኪናው ክብ ብረት) በቸርኬው መካከል የክብሪት እንጨት አስገቡ። እንጨቱን ዙሪያውን እያዞሩ «ይኸው ልጄ፣ አየር ላይ ነው የተቀመጠው» አሉኝ። የኮሮላዬ ሞዞ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቸርኬው ቀዳዳ 67.1። በዙሪያው 6.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ማለት ነው። ክፍተቱን የሚሞላ የአሉሚኒየም ቀለበት አስገባንበት፤ በዚያው ቀን መንቀጥቀጡ ቆመ።

ቀዳዳ በበዛ ቁጥር መኪናው ይጠነክራል ወይም ይፈጥናል የሚለውም ስህተት ነው። ላንድ ክሩዘር 200 ከሃይሉክስ ይከብዳል፤ የታሰረው ግን በ5 ነው፣ ያውም በ150 ሚሊ ሜትር ክብ። የፎርሙላ ዋን መኪና ቸርኬ የሚታሰረው በመሐል ባለች አንዲት ዳዶ ነው። የመኪናውን ጠባይ የሚለውጠው የቸርኬው ክብደት፣ ስፋትና ቁመት ነው። በ14 ፋንታ ከባድ 17 ያደረገ ሰው ነዳጁ ሲጨምርና መኪናው ሲንቀረፈፍ ቢያይ ሊገርመው አይገባም።

ስለ ቸርኬው አቀማመጥ ባጭሩ ልናገር። ጀርባው ላይ «ኢቲ» ከሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ቀጥሎ ቁጥር ተቀርጿል፤ ከቸርኬው ስፋት መሐል እስከ መታሰሪያው ፊት ያለው ርቀት ነው። ከፋብሪካው ቁጥር በብዙ ካነሰ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ፓራፋንጎ (የጎማውን መከለያ) ይነካል፣ ኩሽኔታውንም ያለ ዕድሜው ይጨርሳል።

ዳዶን እንደ ተራ ነገር መቁጠርም ብዙ ያስከፍላል። የቶዮታና የሱዙኪ ትናንሽ መኪኖች ዳዶ ሁለቱም የ12 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የጥርሳቸው ርቀት ግን የቶዮታው 1.5፣ የሱዙኪው 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ዳዶ በሌላው ላይ አንድ ሁለት ዙር ይገባና ይያዛል፤ በአየር መፍቻ ከገፉት ጥርሱን ይበላዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ በእጅ ይጀምሩ። ዳዶው ቸርኬው ላይ የሚያርፍበትን መቀመጫም ይዩ፦ ብዙዎቹ የቶዮታ ኦሪጅናል የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ጠፍጣፋ፣ ሮንዴላ ያለው ዳዶ ይፈልጋሉ፤ የብረት ቸርኬ ሾጣጣ፣ ቮልስዋገን ደግሞ ክብ። ሲያጠብቁ በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት እያቀያየሩ ይሂዱ። ቶዮታ ለብዙ ትናንሽ መኪኖቹ የሚያዘው የማጥበቂያ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ደግመው ይፈትሹት።

ብዙ ሰው የሚረሳው ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ነው። አዲሱ ቸርኬ ከነዳዶው ሲመጣ የድሮዎቹ ዳዶዎች ጎሚስታው ጋ ይቀራሉ፤ ኋላ ያለው ስኮርታ ግን አሁንም የብረት ቸርኬ ነው፣ የሚይዘውም በእነዚያው ነው። ሰብስበው በከረጢት ከክሪኩ አጠገብ ያስቀምጧቸው።