«ሌዘር እኮ ነው!» አትበሉኝ

ደሴ ላይ በቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ ዓመታት አልፈዋል። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለ የወንድ ዕጢ ነው፤ በዕድሜ ሲያድግ ሽንት ያግዳል። ለፕሮስቴት ሌዘር አዲስ አበባ ደርሰው የሚመለሱ አባቶች ክትትላቸውን እኛ ጋ ያደርጋሉ። ሰዎቹ ይለያያሉ፣ ስህተቱ ግን ያው ነው።

ከሚያናድደኝ ልጀምር። ሆዴ አልተቀደደም፣ ስለዚህ ቁስል የለብኝም ማለት። ሌዘሩ የሚገባው በሽንት መውጫው በኩል ነው፤ እውነት ነው፣ ከላይ ስፌት የለም። ውስጥ ግን ዕጢው እንደ ብርቱካን ከልጣጩ ተፈልቅቆ ወጥቷል፣ ወይም በሙቀት ተንኗል። የቀረው ጥሬ ቁስል ነው። ቅርፊቱ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲላቀቅ የጠራው ሽንት እንደገና ሊቀላ ይችላል።

አንድ የኮምቦልቻ ሰው የሽንት ቱቦው (ካቴተሩ) ወጥቶላቸው በአውቶቡስ ተመለሱ። መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግራቸው ብለው ቀኑን ሙሉ ውሃ አልቀመሱም። በማግስቱ ወፍጮ ቤት ሄደው የማሽላ ጆንያ አነሱ። ማታ የሐረጎን ዳገት ወጥተው እኛ ጋ ሲደርሱ ሆዳቸው ከእምብርት በታች እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ደም ረግቶ መውጫውን ዘግቶታል። ወፈር ያለ ካቴተር አስገባን፤ በትልቁ ሲሪንጅ የጨው ውሃ እየገፋን እየሳብን፣ የረጋው ደም እንደ ጉበት ቁራጭ ሳህኑ ላይ ይወድቃል። ላባቸው እየወረደ «ሌዘር እኮ ነው፣ ቀዶ ጥገና አይደለም ብለውኛል» ይሉኛል። አንቱ ሰው! ቢላው ብርሃን ሆነ እንጂ መቁረጡ መቁረጥ ነው!

ከ2 እስከ 4 ሳምንት ከባድ ነገር አይነሳም፣ እንጨት አይፈለጥም። ልብ ወይም ኩላሊት ካልከለከለ ውሃ በደንብ ይጠጣል። ሆድ ድርቀት ይዞ ማማጥም ያደማል። ሽንት ጭራሽ ከዘጋ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም።

ሌላው ስህተት ሽንት ሲያስቸግር «የሽምግልና ነው» ብሎ መቆየት ነው። ለዓመታት የታገለ ፊኛ ይደክማል፤ የደከመ ፊኛ መንገዱ ቢከፈትለትም ላይገፋ ይችላል። ጠብ ጠብ እያለ ውዱእ አይዘልቅልኝም ብለው ከመስጊድ የቀሩ አባቶች አውቃለሁ። አብሽሩ፣ ብቻ ቶሎ ኑ።

ካንሰር ነው ብሎ መደንገጥም አለ። የዕጢው ማደግ ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ስለሚችሉ ግን የፕሮስቴት ካንሰርን ለመጠርጠር የሚረዳው የፒኤስኤ የደም ምርመራ አይዘለል። በተለይ ዕጢውን የሚያተነው ሌዘር ለላቦራቶሪ የሚላክ ሥጋ አያስተርፍም።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉትን አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስድ ለሐኪሙ ይንገር። መደበቅም፣ በራስ ማቋረጥም አይሆንም።

ቀጠሮ እየጠበቁ በርጫ መዋል ደግሞ የኛ አገር ጣጣ ነው። ጫት የፊኛውን በር ያጠብቃል። አፍንጫ የሚከፍተው የጉንፋን ክኒንም እንዲሁ። የደሴ ብርድ ሲበረታ ክኒኗን ከመድኃኒት ቤት ገዝተው፣ ሌሊት ሽንት ዘግቷቸው የሚመጡ አይጠፉም።

ቀጣዩ የራሴ ጥፋት ነው። ጀማሪ ሳለሁ ስለ ዘር ፈሳሽ ማውራት አፍር ነበር። አንድ ጎልማሳ ከወር በኋላ በሩን ገፍተው ገቡ። «ምኔን ነው ያወጡብኝ? ስሜቱ አለ፣ ፈሳሹ የለም!» ከዚህ ሕክምና በኋላ አብዛኞቹ ወንዶች ላይ ፈሳሹ ወደ ውጭ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ፊኛ ይገባል፣ ኋላ ከሽንት ጋር ይወጣል። አይጎዳም። የብልት መቆም ብዙውን ጊዜ እንደነበረ ይቀጥላል። ልጅ የሚፈልግ ሰው ግን ቀድሞ ማወቅ አለበት። ነገሩ ገባቸው፤ «ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ያሉኝ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አሁን ሚስትም ብትኖር እናገራለሁ።

የመጨረሻዋ የሽንት ከረጢት ናት። ሁልጊዜ ከፊኛ በታች ትንጠልጠል። አንድ ሽማግሌ ትከሻቸው ላይ አንግተው በጋቢ ሸፍነዋት መጡ። ሽንት ዳገት አይወጣማ! ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ኢንፌክሽን ይዞ። «ታዲያ ሰው እያየኝ ልሂድ?» አሉ። ጭን ላይ የምትታሰረዋን ትንሿን አሰርንላቸው። ሽርጣቸውን ወደ ታች ለቀቅ አደረጉ፣ ዞር ዞር ብለው ራሳቸውን አዩ። «በዚህማ ሰኞ ገበያም እሄዳለሁ» አሉ።