ምሥጢር የሚያሾልክ ቤት፦ የድሮ አዲስ አበባን ክፍል ለታሪካዊ ልብ ወለድ መሥራት

በብዙ የታሪካዊ ልብ ወለድ ረቂቆች ላይ አንድ ዓይነት ትዕይንት ይደጋገማል። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ ኩራዝ ይጨሳል፤ ሦስት ሰዎች ይንሾካሾካሉ። የአንባቢ ልብ ግን አይሰቀልም። ደራሲው ክፍሉን ግጥም አድርጎ ስለዘጋው ማንም ሊሰማቸውም ሆነ ሊያያቸው አይችልም። ልብ የሚሰቀለው ክፍሉ አንድ ነገር ሲያሾልክ ነው፦ ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታ ወይም ኮቴ። ስለዚህ ገፀ ባሕርያቱን ከማስገባታችሁ በፊት ቤቱን ሥሩ፤ በየት በኩል ምን እንደሚያወጣም እወቁ። እዚህ የምናወራው ከአራዳ እስከ 4 ኪሎና 6 ኪሎ ስላሉት ቤቶች ነው።

ዓመቱ ጣሪያውን ይወስናል

የትዕይንቱን ዓመት ሳትቆርጡ ስለ ክፍሉ አትጻፉ። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. አካባቢ ስትቆረቆር ቤቱ ሁሉ ማለት ይቻላል ሣር ክዳን ነበር። ቆርቆሮ መጀመሪያ የገባው ወደ ቤተ መንግሥቱ፣ ወደ መኳንንቱና ወደ ነጋዴው ቤት ነው። የድሃው ቤት በ1929ም ቢሆን በአብዛኛው ሣር ነበር። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በሦስቱ ቀን እልቂት ፋሽስቶች መንደሩን በእሳት ያነደዱትም በዚሁ ሣር ነው። ባህር ዛፍም ከተማዋ ከተቆረቆረች በኋላ የገባ ዛፍ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠራ ቤት ምሰሶው ጽድ ወይም ወይራ ይሁን።

ይህ ለትዕይንቱ ምን ይሠራል? ዝናቡን ይለውጠዋል። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ ለመደማመጥ ይጮኻሉ። ያን ጊዜ ምሥጢር ማውራት ይቻላል፤ ነገር ግን ተናጋሪዎቹም የግቢው በር ሲከፈት አይሰሙም። የአዲስ አበባ ክረምት ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይጥልና ድንገት ያባራል። በዝናቡ ምክንያት ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው የመጨረሻዎቹን ሦስት አራት ቃላት በጸጥታ ውስጥ ይናገራቸዋል። እነዚያን ቃላት ቀድማችሁ ምረጡ፤ ጎረቤት ሲሰማቸው ነገሩ የማይገባው፣ ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ግን የሚገጣጠምለት ይሁን። ሣር ክዳን ግን ዝናቡን ይውጠዋል። እዚያ ውስጥ እየዘነበም ሹክሹክታ ይሰማል፤ ስለዚህ በ1880ዎቹ ጎጆ ውስጥ ዝናብን ሽፋን አድርጎ መጠቀም ስሕተት ነው። ሌላም አለ፦ ፀሐይ ያሞቀው ቆርቆሮ ማታ ሲቀዘቅዝ ቋ፣ ቋ ይላል። አዲስ የመጣ እንግዳ ሰው ጣሪያ ላይ የወጣ መስሎት ይደነግጣል፤ የቤቱ ሰው ግን ዞር ብሎ አያይም። ባለቤቱ ዞር ብሎ ያየ ዕለት አንባቢው ይደነግጣል።

ስለ ብርሃኑም አስቡ። እዚህ ጀምበር ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ትጠልቃለች፤ ከዚያም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ይላል። ሰዓታት የሚዘልቅ ድንግዝግዝ የፈረንጅ አገር ምሽት ነው። የጣሊያን ሰነድ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ ዓመቱን በ7 ወይም በ8፣ ሰዓቱን በ6 አስተካክሉ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 በእነሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነው።

ግድግዳ፣ ኮርኒስ፣ ወለል

የጭቃ ቤት ግድግዳ ቋሚና አግዳሚ እንጨት ተማግሮ፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ በሰነበተ ጭቃ ተመርጎ ይሠራል። ጭቃው ሲደርቅ ከእንጨቱ ይሸሻል፤ መጀመሪያ የሚሰነጠቀውም በበሩና በመስኮቱ መቃን ጎን ነው። ምሥጢር ማሾለኪያ ስትፈልጉ ከግድግዳው መሐል ቀዳዳ አትፍጠሩ፤ መቃኑ ጎን ሂዱ። ልዩነቱን እዩት። ደካማው፦ «ክፍሉ ጨለማ ነበር። በጣም ፈራች።» የተሻለው፦ «የጎረቤት ፋኖስ ብርሃን በመቃኑ ስንጥቅ ገብቶ ምንጣፉ ላይ እንደ ክር ተዘርግቷል። ነጠላዋን አጣጥፋ ልትወትፈው ስትነሣ ክሩ ተቆረጠ። ቆየና ተመልሶ ተዘረጋ።» ደጅ ሰው እንዳለፈ ማንም አልነገረንም፤ ቤቱ ራሱ ነገረን።

ኮርኒሱ ከሁሉ የበለጠ የሚረሳ ክፍል ነው። በአሮጌ ቤቶች ኮርኒስ ማለት ተወጥሮ የተሰፋና ኖራ የተቀባ አቡጀዲ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ ክፍሎችን የሚለየው ግድግዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ያለው ባዶ ቦታ ለሁሉም የጋራ ነው። ጎረቤት የሚሰማችሁ በግድግዳው በኩል ሳይሆን በላይ ዞሮ ነው። የታመቀ ሳል፣ የሕፃን ልቅሶ፣ የጽሕፈት መኪና ጠቅታ፣ ሁሉም በዚያ ያልፋል። አይጥ የሚሯሯጠውም እዚያው ስለሆነ ገፀ ባሕርይ የሰማውን ኮሽታ «አይጥ ነው» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ግን።

እዚህ ጋ የሚደጋገም ስሕተት መሣሪያ ኮርኒስ ላይ መደበቅ ነው። ውጅግራ ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ርዝመቱም 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው። አቡጀዲ ላይ ብታስቀምጡት ጨርቁ ይረግባል፤ ከታች የቆመ ሰው የጠመንጃውን ቅርጽ ያያል። ልትጠቀሙበት ከፈለጋችሁ ይህንኑ ርግበት ጥቀሙበት፦ ፈታሹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀና ሲል ምን እንደሚያይ ባለቤቱ ያውቃል። ካልሆነ ግን መሣሪያውን ከማገሩ ጋር ርዝመቱን ይዞ ይታሰር። ወረቀት በአንጻሩ ቀላል ስለሆነ አቡጀዲው ላይ ያለ ችግር ይቀመጣል፤ ዝናብ ካፈሰሰ ግን ቀለሙ ወርዶ ነጩ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ይጥላል።

ወለሉን በተመለከተ፣ ያረጁት የአራዳ ባለ ፎቅ ቤቶች በረንዳቸውም ደረጃቸውም ወለላቸውም ጣውላ ነው። ከታች ኮርኒስ ከሌለው የላይኛው ሰው ሲራመድ በጣውላው መገጣጠሚያ አቧራ ይወርዳል። ጣውላ የሚጮኸው ሞራሌው (ከሥር የሚሸከመው እንጨት) በራቀበት መሐል ላይ ነው፤ ግድግዳ ተጠግቶ የሚሄድ ሰው ብዙም አይሰማም። ቤቱን የሚያውቅና የማያውቅ ሰው በአረማመዳቸው ብቻ ሊለዩ ይችላሉ። የጭቃ ወለል ግን ኮቴ ይውጣል፤ እዚያ የሚያጋልጠው ድምፅ ሳይሆን በጫማ የገባ ጭቃ ነው።

የትልቅ ሰው ቤት ባዶ አይደለም

በመኳንንት ቤት ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ይከብዳል። አዳራሹ የግብር ቦታ ነው፣ በአጋፋሪ ይጠበቃል። እልፍኙ የቅርብ ሰዎች መግቢያ ነው፤ ማን እንደሚገባ የሚወስነውም እልፍኝ አስከልካዩ ነው። ጓዳው የሴቶቹና የሠራተኞቹ ነው። ጌታው ሲበላና ሲጠጣ ከሰው ዓይን ይከለል ዘንድ አሽከሮች ሸማ ዘርግተው ይይዛሉ። ሸማ የያዘው አሽከር ማየት ባይፈቀድለትም ጆሮው ክፍት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ማን ይሰማል?» ሳይሆን «ከሚሰሙት መካከል ማን ማንን ይፈራል?» ይሁን። እልፍኝ አስከልካዩ አንዱን እንግዳ ሁልጊዜ ከሚያስጠብቀው በላይ ቢያስጠብቀው ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደተለወጠ አንባቢው ይገባዋል፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከውጭ የተቆለፈ በር

የ1969 እና የ1970፣ ማለትም የቀይ ሽብር ዘመን ትዕይንት ስትጽፉ ሌላ ዓይነት ቤት ይገጥማችኋል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ የቀድሞው ባለቤት፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ የቀበሌ ተከራይ፣ በጓሮ በኩል ሌላ ቤተሰብ በአንድ ግቢ ይኖሩ ጀመር። ማድ ቤቱም ሽንት ቤቱም የጋራ ሆነ። ለደራሲ እጅግ የበለጸገ ቦታ ነው።

ሰው መደበቅ ካለበት ቀላሉ ዘዴ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር መቆለፍ ነው፦ ቤቱ ባዶ ይመስላል። ዘዴው ግን ዋጋ አለው፤ ተደባቂው ራሱ መውጣት አይችልም። ትዕይንቱን ከመጻፋችሁ በፊት እነዚህን መልሱ፦ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው? ያ ሰው ቢታሰርስ? ፖፖው መቼና በምን ሰበብ ይወጣል? ሳል ቢይዘውስ? «ባዶ» ቤት ቁሌት አይሸትም፣ ጭስም አያወጣም፤ ስለዚህ ምግቡ ከሌላ ቤት መምጣት አለበት። የሚመጣበት ዕቃ ደግሞ ለጎረቤት ዓይን የተለመደ ይሁን።

ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው እንጀራው ነው። በጋራ ማድ ቤት የማን ምጣድ መቼ እንደሚጣድ ሁሉም ያውቃል። በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ የምትጋግር ሴት ድንገት በሁለት ቀን ከጋገረች አንድ አፍ ተጨምሯል ማለት ነው። ጎረቤቷ «እንግዳ መጣብሽ እንዴ?» ብላ በደግነት ስትጠይቃት ምን ትመልሳለች? ይህ ጥያቄ ጠመንጃ ከያዘ አብዮት ጠባቂ የበለጠ ሊያስፈራ ይችላል፤ እንዲያ ሆኖ እንዲሰማ ግን የመጋገሪያውን ቀን ቢያንስ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብላችሁ በዋዛ አሳዩት።

ሰዓት እላፊም እንዲሁ ይሠራል። ሳይታሰብ የመጣ እንግዳ ሰዓቱ ካለፈበት እስከ ንጋት መሄድ አይችልም፤ ቤተሰቡም ማስወጣት አይችልም። ቡና ደግሞ የትዕይንቱ ሰዓት ይሁናችሁ። ሲቆላ፣ ሲወቀጥ፣ ሲፈላ፣ ከዚያም አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ ተረጋግቶ ከተፈላ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። በሚወቀጥበት ጊዜ ሙቀጫው ወሬ ይሸፍናል። አቦል ጠጥቶ የሚነሣ ሰው ምክንያት ይጠየቃል፤ ተደባቂው ጓዳ ውስጥ እያለ በረካን የሚጠብቅ እንግዳ ደግሞ የቤቱን ሰው ላብ በላብ ያደርገዋል። በአጼ ምኒልክ ዘመን መጀመሪያ ለሚጻፍ የክርስቲያን ቤት ግን ቡናውን በጠላ ወይም በጠጅ ተኩት፤ ያኔ እንደ ዛሬው በየቤቱ አልተለመደም።

አንባቢው መጨረሻውን ሲያውቅ

በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ አረንጓዴው ሳሎን የታገቱት ባለሥልጣናት የተረሸኑበት ክፍል ሆነ። ብዙ አንባቢ ይህን ያውቃል። እዚያ ክፍል ውስጥ «ይገደሉ ይሆን?» በሚል ጥያቄ ማንንም ማስጨነቅ አትችሉም። ስጋቱን አጠገቡ ወዳለው ክፍል አዛውሩት፦ ሻይ የሚያመላልስ ሠራተኛ በተከፈተው በር ያየው ምንድን ነው? ሲወጣ ለማን ይነግራል? የታሪክ መጽሐፍ የማያውቀው ሰው ዕጣ አሁንም ያልተወሰነ ነው።

ክፍሉን ሄዶ ማየት

የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ከ2016 ወዲህ በብዛት ስለፈረሱ የቀሩትን ቶሎ እዩ። ጣይቱ ሆቴል ገብታችሁ ጣውላውን ርገጡት። 6 ኪሎ ገነተ ልዑል ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የአጼ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል አለ። በታላቁ ቤተ መንግሥት በ2012 በተከፈተው አንድነት ፓርክ ደግሞ ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያሰረበትን የዙፋን አዳራሽ ምድር ቤት ማየት ይቻላል። ፎቶ ማንሳት አይበቃም። ክፍሉን በእርምጃ ለኩ፤ በሩ ወደ ውስጥ ወይስ ወደ ውጭ እንደሚከፈት ጻፉ፤ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አምስት ደቂቃ ቁሙና ከላይ፣ ከጎንና ከደጅ የሚሰማውን መዝግቡ።

የፈረሰ ቤት ከሆነ እዚያ ያደጉ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። «ቤቱ ምን ይመስል ነበር?» ካላችኋቸው «ጥሩ ቤት ነበር» ብለው ያልፉታል። ይልቅ «እማማ፣ ስኳር ከልጆች የሚደበቀው የት ነበር?» «ማታ አምሽቶ የመጣ ልጅ አባቱ ሳይሰሙ የሚገባው በየት በኩል ነበር?» «የጎረቤት ጠብ ከየትኛው መደብ ላይ ይሰማ ነበር?» በሏቸው። እያወሩ በእጃቸው አየር ላይ በሩን ሲያሳዩአችሁ ወረቀትና እርሳስ አቀብሏቸው።