«አብሽር፣ አይወድቅም»፦ በትንሽ ሃይብሪድ መኪና ካያክ ስንጭን የምንሠራቸው ስህተቶች

ኮምቦልቻ ተቀምጦ ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ፣ መግዛት ዕብደት ነው ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ሐይቅ ግን ሩቅ አይደለም፤ ደሴን ከወጡ በኋላ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአገር የሚወጣ የውጭ ሰው አዲስ አበባ ላይ ዕቃውን ሲሸጥ ያገኘኋት የፕላስቲክ ካያክ አለችኝ፤ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ20። መኪናዬ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄደው ትንሿ ቶዮታ ያሪስ ሃይብሪድ ናት። ሁለቱን ማስማማት ነው ያስቸገረኝ። የእኛ ሰው ጭነት አይፈራም፤ «አብሽር፣ አይወድቅም» ብሎ በአምስት ደቂቃ አስሮ ይሸኛችኋል። ከዚህ በታች የማነሳቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራኋቸው «አብሽር» ተብዬ ነው።

ክብደቷን ብቻ ማየት

ካያኳ 23 ኪሎ ናት፤ ሩብ ኩንታል እንኳ አትሞላም። ስለዚህ የሚያያት ሁሉ «ሁለት ሙክት የሚሸከም ጣሪያ ይቺን ያቅተዋል?» ይላል። ሙክት ግን ነፋስ አይይዝም። ካያክ ከፊት መስታወቱ አልፋ ወደ ኮፈኑ ስለምትዘልቅ ነፋሱ ከሥሯ ገብቶ አፍንጫዋን ወደ ላይ ያነሳታል። ፍጥነት ከ40 ወደ 80 ሲያድግ የነፋሱ ግፊት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ደሴ መንገድ ላይ ተሳቢ ፊት ለፊት ሲያልፋችሁ ጣሪያው ላይ «ጓ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ አፍንጫዋ ተነስታ መመለሷ ነው።

ክብደቱም ቢሆን ጨርሶ አይረሳም። ብዙ ትናንሽ መኪኖች ጣሪያቸው የሚችለው ከ50 እስከ 75 ኪሎ ነው፤ የእናንተ ስንት እንደሆነ ከመኪናው ጋር የመጣው መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ። የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደትም ከዚያ ላይ ይቀነሳል። የእኔን የመጀመሪያ ፖርቶመጋላ ብየዳ ቤት የመስኮት ብረት በሚሠሩበት ቱቦ ሠርተውልኝ ነበር፤ ብቻውን ከካያኳ ብዙም አያንስም ነበር።

ጣሪያውን መብሳት

እነዚሁ ብየዳ ቤቶች ያቀረቡልኝ ሌላ ሐሳብ ነበር፦ ጣሪያውን በድሪል በስቶ በቡሎን ማሰር። «ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክህን ትገላገላለህ» አሉኝ። እምቢ ማለቴ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ከበሮቹ በላይ፣ በጣሪያው ጠርዝ ውስጥ፣ የመጋረጃ ኤርባግ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እዚያ ድሪል ማስገባት ምን እንደሚያመጣ ማሰብ አይከብድም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቀዳዳው ውኃ ያስገባል፤ ሃይብሪድ ውስጥ ውኃ ወርዶ የሚጠራቀምበት ቦታ ባትሪው አጠገብ ሊሆን ይችላል።

ስፖንጅ አንጥፎ ካያኳን በቀጥታ ጣሪያው ላይ ማስተኛትም አያዋጣም። የጣሪያው ቆርቆሮ ስስ ነው፣ መሃሉ ይሰረጉዳል። የሚሻለው እግሩ በበሩ ፍሬም ላይ ተቆንጥጦ የሚታሰር፣ ለመኪናው ሞዴል የተሠራ ባለሁለት ዘንግ ፖርቶመጋላ ነው። ስፖንጁን በዘንጎቹ ላይ ጠቅልሉት። በትንሽ መኪና ሁለቱ ዘንጎች እርስ በርስ ስለሚቀራረቡ ካያኳ እንደ ሚዛን ወዲያና ወዲህ ማለት ይቀናታል። የሚቀጥለው ስህተት ከባድ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሆዷን አስሮ ፊትና ኋላዋን መተው

በመጀመሪያው ጉዞዬ ያሠርኩት በሁለቱ ዘንጎች ላይ ብቻ ነበር። ገመዱንም በበሮቹ መስኮት በኩል አሳልፌ ውስጥ ነው የቋጠርኩት፤ እንደምታውቁት ፍራሽ ሲጫን የሚደረገውን። አንደኛ፣ በሮቹ አልከፈት አሉ፤ ደሴ ላይ ነዳጅ ስቀዳ በመስኮት ወጣሁ። ሁለተኛ፣ ዝናብ ሲመጣ ውኃው ገመዱን ተከትሎ ጉልበቴ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ሦስተኛውና ዋናው፣ ሐይቅ ስንደርስ ካያኳ ጠማማ ሆና፣ አፍንጫዋ በግራ ስፖኪዮ በኩል ታየኛለች።

አፍንጫዋም ጅራቷም ለየብቻ መታሰር አለባቸው። የት ላይ? ፓራውልት ላይ አይሆንም፣ ፕላስቲክ ነው። ከመኪናው ሥር እጅ ሰዶ ያገኙት ላይ መቋጠር ደግሞ ሃይብሪድ ላይ ጭራሽ ክልክል ነው፤ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ነው የሚያስተላልፉት። እኔ ያደረግኩት ይኸውላችሁ፦ አንድ ወንበር ሰፊ ከአሮጌ የመኪና ቀበቶ ሁለት ቀለበቶች ሰፋልኝ። ቀለበቶቹ በኮፈኑ ሥር፣ ግራና ቀኝ ባሉት ቡሎኖች ላይ ታስረው ሁልጊዜ እዚያው ይኖራሉ። ስጭን ብቅ አደርጋቸዋለሁ፣ ኮፈኑ ይዘጋል፣ ከአፍንጫዋ የሚወርደው ገመድ ወደ ሁለቱ ተከፍሎ ይቋጠራል። ገመዱ ልል አይሁን፤ ካያኳን እንደ ቀስት የሚያጎብጥም አይሁን። ትርፉን ጠቅልላችሁ እሰሩት፤ ተንጠልጥሎ ጎማ ሥር ከገባ ጎማው ካያኳን ጎትቶ ያወርዳታል።

የብስክሌት ካላማዳሪያ ለዚህ ሥራ አይረባም። ይለጠጣል፤ የሚለጠጥ ነገር ነፋስን አይከለክልም።

እንደ ሲሚንቶ መወጠር

የጭነት መኪና ረዳቶች የሚጠቀሙበት፣ በብረት እጀታ «ጠቅ ጠቅ» እያለ የሚወጠረው ቀበቶ ለሲሚንቶ ጥሩ ነው። ለካያክ ግን ብዙ ነው። አንድ ረዳት፣ መልካም ሰው፣ «ወንድምዬ፣ ልቀቀው እኔ ልወጥርልህ» ብሎ እግሩን ጎማው ላይ አስደግፎ ወጠረልኝ። ወዲያው ምንም አልታየም። በማግስቱ ስፈታት የካያኳ ሆድ ላይ ሁለት ጉድጓድ ነበር። በእጅ የሚጎተት፣ በጥርስ የሚይዝ መቆለፊያ ያለው ቀበቶ ይበቃል። ካያኳን ስትወዘውዙ መኪናው አብሮ ከተወዛወዘ፣ በቃ፣ ታስሯል። ቀበቶውን አንዴ ጠምዘዝ አድርጉት፤ ያለዚያ በነፋስ እንደ መሰንቆ እየጮኸ ራሳችሁን ያዞራል። ከተነሳችሁ ከ10 ደቂቃ በኋላ ቆማችሁ እንደገና ፈትሹ።

አፏን ወደ ሰማይ ማድረግ

ይሄ የማልረሳው ነው። ነሐሴ ነበር። ከሐይቅ ስንመለስ ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ዝናቡን ታወርደዋለች። ካያኳ ጣሪያው ላይ በጀርባዋ፣ የመቀመጫዋ ቀዳዳ ወደ ላይ፣ ሽፋን የላትም። መኪናው መጎተት ሲያቅተው «ዳገቱ ነው» አልኩ። ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ስንወርድ የመጀመሪያው ጠበቅ ያለ ኩርባ ላይ ፍሬን ያዝኩ። ከላይ «ሿ» የሚል ነገር ወደ ፊት ሲሮጥ ተሰማኝ፤ ከዚያ የፊት መስታወቱ ጠፋ። ባልዲ ሙሉ ሳይሆን በርሜል የተደፋ ነው የመሰለኝ። መጥረጊያው ምንም አላደረገም። አጠገቤ የነበረው የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ ሐይቁን ይዘነው መጣን እንዴ?» አለ። ያኔ አልሳቅኩም።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። 40 ሊትር ከገባባት የ23 ኪሎዋ ካያክ 63 ኪሎ ሆነች፤ ያውም በፍሬን ወደ ፊት፣ በኩርባ ወደ ጎን የሚሮጥ ክብደት። ገልብጣችሁ ጫኑ፤ ካኑ፣ ከላይ ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆነችው ጀልባ፣ ከሆነችማ ሁልጊዜ በአፏ ነው የምትጫነው። በሸራ መሸፈን ካማራችሁ ሸራውን አጥብቁት፤ ኬላ ላይ «ይሄ የተሸፈነው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄም ተዘጋጁ። እኔ እስካስረዳ ድረስ ግማሹ ሰው የሬሳ ሣጥን ነው ብሎ ደምድሞ ነበር።

እርጥቡን ዕቃ የኋላ ወንበር ላይ መጣል

ይሄ የሃይብሪድ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በብዙዎቹ የቶዮታ ሃይብሪዶች ትልቁ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ወይም ጀርባ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም ከመኪናው ውስጥ አየር ስቦ ነው። የሚስብበት ወንፊት መሰል ቀዳዳ ከወንበሩ ጎን ወይም ሥር አለ። እርጥብ ላይፍ ጃኬት፣ ፎጣና መቅዘፊያ ስትወረውሩ እሱን ትደፍናላችሁ። ባትሪው ይሞቃል፣ የማስጠንቀቂያ መብራትም ሊበራ ይችላል። ወደ አርዲቦ ሐይቅ በአቧራ መንገድ የሚወጣ ሰው ደግሞ ቀዳዳው ላይ ያለውን አቧራ ቶሎ ቶሎ ያስጠርግ።

መኪናው ሳይጠፋ ማውረድ

ሃይብሪድ ዝም ስላለ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ሐይቁ ዳር ኮፈኑን ከፍቼ የፊቱን ገመድ ስፈታ ሞተሩ በራሱ ጊዜ «ጉርር» ብሎ ተነሳ፤ እጄ ሞተሩ አጠገብ ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው «ሬዲ» የሚለው መብራት እስኪጠፋ ድረስ ማንም ገመድ አይንካ።

ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ መውረድ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ሃይብሪድ መጀመሪያ ላይ ፍሬን ስትይዙ ባትሪውን እየሞላ ይዘገያል። ባትሪው ሲሞላ ግን ያ እርዳታ ይቀንስና ሸክሙ ወደ ፍሬን ሸራው ይዞራል። ማርሹን ቁልቁለቱ ሲጀምር «ቢ» (B) ላይ፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ የሚያዘገይበት ቦታ ላይ፣ አድርጉት፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ። ጣሪያው ላይ ጭነት ሲኖር መኪናው ኩርባ ላይ ከወትሮው ያዘነብላል፤ ከኋላ ጥሩንባ የሚነፋውን ሚኒባስ አሳልፉት።

እቤት ስትደርሱ ደግሞ ቀበቶውን ሳትፈቱ አትደሩ። የኮምቦልቻ ፀሐይ የተወጠረ ፕላስቲክን ባለበት ያጎብጠዋል። በዚያ ረዳት የተጎደጎደችውን የእኔን ካያክ ፈትቼ፣ ሆዷን ወደ ላይ አድርጌ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስተኛኋት። ከሰዓት በኋላ አንዱ ጉድጓድ «ቷ» ብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ አለ፤ ሳጥባት ውኃ ያጠራቅማል።