ምድር ላይ ያፏጫል፣ አየር ላይ ይጠፋል፤ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ነዳጅ ማስተካከል

የሚከተለው በሜታኖል፣ በዘይትና በጥቂት ናይትሮሜቴን ለሚሠሩ፣ 7 ሲሲ አካባቢ ለሆኑ ቱ ስትሮክ ሞተሮች ነው። ሙሉ ፍጥነት ላይ የሚገባውን ነዳጅ ረጅሙ መርፌ፣ ሚኒሞ (ዝቅተኛው ፍጥነት) ላይ የሚገባውን ደግሞ ካርቡራተሩ ጎን ያለችው ትንሿ ቪቴ ትወስናለች። ሲጠብቁ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ሲላሉ ይጨምራል። የአየር ቀዳዳ ያለው ካርቡራተር ላይ ግን የትንሿ ቪቴ ሥራ ግልባጩ ነው።

ምድር ላይ ጥሩ ነው፣ ሽቅብ ሲወጣ ይጠፋል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ስስት ነው። ባለቤቱ ሞተሩ እስኪያፏጭ መርፌውን ያጠብቅና እዚያው ይተወዋል። በበረራ ላይ የፕሮፔለሩ ሸክም ይቀላል፣ ሞተሩ ይፈጥናል፤ አፍንጫው ቀና ሲል ደግሞ ነዳጁ ከታንኩ ዳገት ይወጣል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ዘይትም ያንሰዋል፤ ዘይቱ ያለው ነዳጁ ውስጥ ነውና። ጭሱ ይጠፋል፣ ሲሊንደሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ይጫጫራል።

ከፕሮፔለሩ በስተኋላ ቆማችሁ ከፍተኛውን ፍጥነት ፈልጉ። ከዚያ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ300 እስከ 500 ዙር እስኪቀንስ መርፌውን አላሉት። አውሮፕላኑን አጥብቃችሁ ይዛችሁ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጉ። ድምፁ ትንሽ ከጠራ ልክ ነው፤ ከሰለለ መርፌውን ሁለት ጥርስ (ሁለት «ቀጭ») አላሉት።

ከሚኒሞ ሲነሳ ያንቀዋል

መጀመሪያ ትልቁ መርፌ ይስተካከል። ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የነዳጁን ቱቦ በጣት ቆንጥጡ። ወዲያው ከጠፋ ነዳጅ አንሶታል፤ ፈጥኖ ረዘም ላለ ጊዜ ከሠራ በዝቶበታል። በጥቂቱ ፈጥኖ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በኋላ ቢጠፋ ደስ ይበላችሁ። ቪቴዋን በካቻቢቴ አንድ ስምንተኛ ዙር ብቻ፣ እየሞከራችሁ።

የማስነሻው ባትሪ ሲነቀል ይደክማል

ባትሪው የሚያግለውን፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ቀይሩ። ካልዳነ ነዳጅ በዝቶበታል።

አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይሰንፋል

እዚህ መርፌውን አትንኩ። እኔ ሦስት እሑድ ሙሉ መርፌ ሳዞር ከርሜ፣ በመጨረሻ ቱቦውን ውኃ ውስጥ ነክሬ አንዱን ጫፍ ደፍኜ ነፋሁበት። ታንኩ አንገት ላይ ከሚታጠፍበት ቦታ የአረፋ ሰንሰለት ወጣ፤ ቀዳዳው በዓይን አይታይም ነበር። ቱቦው ደህና ከሆነ የመርፌውን የላስቲክ ቀለበት እዩ። ታንኩ እየተንቀጠቀጠ ነዳጁ አረፋ የሚሆንም ከሆነ ዙሪያውን በስፖንጅ ጠቅልሉት።

የመመሪያውን ቁጥር ይዤ ነዳጅ በዛበት

መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ ለቆላ አየር የተጻፉ ናቸው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለው አዲስ አበባ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ መርፌው ጠበቅ ይላል። ያንኑ ሞተር ድሬዳዋ ስትወስዱት መጀመሪያ አላሉት፣ ከዚያ አስነሡ። ደጋ ላይ የጎደለውን ጉልበት መርፌ አይመልሰውም፤ የላባው ዝንባሌ አነስ ያለ ፕሮፔለር ግን ይረዳል።