ቢራው ለምን ይኮመጥጣል? የጀማሪ ጠማቂ ችግርና መፍትሄ

ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ የጀመሩ ጓደኞቼ ሲቸገሩ ይደውሉልኛል። ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ችግር ነው፤ መኮምጠጥ። እሱን በደንብ እናየዋለን። ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

አረፋ የለም፣ ጥንስሱ ዝም ብሏል፦ እስከ 48 ሰዓት ታገሱ። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ጋዙ በጎን ያመልጣል። ያኔ መተንፈሻው ላይ (ክዳኑ ላይ ያለው ጋዝ ማስወጫ) ምንም ሳይታይ ውስጡ እየፈላ ሊሆን ይችላል። ከፍታችሁ እዩት። ላዩ ላይ አረፋ ከሌለ፣ እርሾው ትኩስ ላይ ገብቶ ሞቶ ይሆናል። ጥንስሱን ወደ 20 ዲግሪ አውርዱና አዲስ እርሾ ጨምሩ።

ቅቤ ቅቤ ይላል፦ ቸኩላችኋል። ወደ ጠርሙስ ሳትቀዱት፣ ከእርሾው ጋር 20 ዲግሪ አካባቢ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ።

የሐኪም ቤት ሽታ አለው፦ ክሎሪን ነው፤ ከበረኪና ወይም ከቧንቧ ውሃ የመጣ። ያን ቢራ ማዳን አይቻልም።

አሁን ወደ መኮምጠጡ። "ዕቃውን በሙሉ አጥቤያለሁ እኮ" ይሉኛል። አምናቸዋለሁ። ግን የበርሜሉን ቧንቧ ፈትተው አላጠቡትም። አንድ ጓደኛዬ ሦስት ጊዜ ጠምቆ ሦስቱም ኮመጠጡበት። እርሾ ቀየረ። ብቅል ቀየረ። ውሃ ቀየረ። በርሜሉ ከውስጥ ፏ ብሎ ነበር። ቧንቧውን ነቅዬ ጎሚኒውን ሳወጣው፣ ከኋላው ቡናማ አተላ ተጋግሯል። ጠርሙስ የገባው ቢራ ሁሉ በዚያ ላይ ነበር የሚያልፈው።

የት እንደተበከለ በመቅመስ ይለያል። ሁሉም ጠርሙሶች ከኮመጠጡ ጥፋቱ የበርሜሉ፣ የቧንቧው ወይም የመቅጃው ጎማ ነው። አንድ ሁለቱ ብቻ ከሆኑ እነዚያ ጠርሙሶች አልጸዱም። ከበርሜሉ አናት ተቀድቶ ሲቀመስ ደህና የነበረ ቢራ ጠርሙስ ውስጥ ሰንብቶ ከኮመጠጠ፣ መጀመሪያ ቧንቧውን ጠርጥሩ።

በየጠመቃው ቧንቧውን ፍቱት። ሙቅ ውሃና ሳሙና ውስጥ ዘፍዝፉት፣ በለስላሳ ብሩሽ እሹት፣ አለቅልቁት። ጀርም ማጥፊያ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ አተላ ላይ ቢፈስ ምንም አይሠራም። የማይፈታ ርካሽ ቧንቧ ከሆነ ጣሉት። እንዲህ ያለ ዕቃ ለጠመቃ ብሎ መሸጥ ያናድደኛል። ፕላስቲክ በርሜልን በሽቦ አትፈትጉ፤ ጀርም ጭረቱ ውስጥ ይደበቃል። ውስጡ የጠቆረ ጎማም ይጣል።

የኮመጠጠው አይመለስም። ግን ዝም ብላችሁ አታስቀምጡት! የገባው ጀርም እርሾው የተወውን ስኳር እየበላ ጋዝ ያመርታል፣ ጠርሙሱም ሊፈነዳ ይችላል። እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ አንዱ ፈንድቶብኝ ስብርባሪው በሩ ላይ ተሰክቶ አግኝቼዋለሁ። ጠርሙሶቹን አቀዝቅዙ፣ በፎጣ ጠቅልሉ፣ መነጽርና ጓንት አድርጋችሁ ቆርኪውን በቀስታ ክፈቱ።

ሳይኮመጥጥም የሚፈነዳ አለ። መፍላቱን ሳይጨርስ ወይም ስኳር በዝቶበት የተቀዳ ነው። በሃይድሮሜትር (የቀረውን ስኳር በሚያሳይ መለኪያ) ለክታችሁ ቁጥሩ ሦስት ቀን ካልተለወጠ ብቻ ወደ ጠርሙስ ቅዱ። ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ እንዲፈጠር የሚጨመረው ስኳር በሊትር 6 ግራም ገደማ ነው። በሚዛን ይመዘን፣ በማንኪያ አይገመት። በጥቂት ውሃ አፍልታችሁ አሟሙትና ለቢራው ሁሉ እኩል እንዲዳረስ ቀላቅሉት። ስስ ጠርሙስ ደግሞ በፍጹም አትጠቀሙ።