ጠርዙ ቀለም የለውም ማለት መኪና ማቆም ይቻላል ማለት አይደለም

ካሊፎርኒያ ለምትኖሩ፣ በተለይ ሎስ አንጀለስና ኦክላንድ። በፓርኪንግ ከጎረቤት ጋር ከመጨቃጨቃችሁ በፊት የመንገዱን ጠርዝ ቀለም እዩ። ቀይ ላይ ለደቂቃም አይቆምም። አረንጓዴ ለአጭር ጊዜ ነው። ሰማያዊ የአካል ጉዳተኛ ፈቃድ ላለው ብቻ። ነጭ ሰው ለማውረድና ለመጫን፣ ቢጫ ደግሞ በብዛት ለዕቃ ጭነት ነው።

ምንም ካልተቀባስ? እኔን ያስቀጣኝ ይሄ ነው። ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ፣ ከእግረኛ ማቋረጫ በፊት ባለው 20 ጫማ ውስጥ መኪና ማቆም ያስቀጣል። 6 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ጠርዙ ቀይ ባይቀባም፣ ዜብራው ራሱ ባይሰመርም ያው ነው። ስለዚህ መስቀለኛ መንገድ ጋ ስትደርሱ ክፍት ቦታ አገኘሁ ብላችሁ አትቸኩሉ።

ሌላው የጠብ ምንጭ ሰው ቦታ ለመያዝ መንገድ ላይ የሚያቆመው ኮን (ብርቱካናማው ሾጣጣ የትራፊክ ምልክት) ነው። ከቤት ፊት ያለው መንገድ የሕዝብ ነው፤ ማንም ኮን ወይም ወንበር ደርድሮ ሊይዘው አይችልም። ያለ ከተማው ፈቃድ ጠርዙን ቀይ መቀባትም ሕገወጥ ነው። ግን ኮኑን አንስታችሁ እንዳትወረውሩ፤ ትርፉ ጭቅጭቅ ነው። ፎቶ አንሱና ወደ ከተማው የአገልግሎት ስልክ 311 ደውሉ።