ለፕላስቲክ መታወቂያ ካርድ የትኛው ህትመት ይሻላል? አወዳድሮ የመምረጫ መንገድ

ለሠራተኛ ወይም ለተማሪ መታወቂያ ፕሮፎርማ ሰብስባችሁ ታውቃላችሁ? ሦስቱም ወረቀት ላይ «የፒቪሲ መታወቂያ ካርድ» የሚል (ፒቪሲ የፕላስቲክ ዓይነት ነው) ተጽፎ ዋጋው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የካርዱ መጠን እንደሆነ ያው ነው፤ 85.6 በ53.98 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 0.76፣ ልክ እንደ ኤቲኤም ካርድ። ዋጋውን የሚያራርቀው በአብዛኛው ቀለሙ ካርዱ ላይ የሚያርፍበት መንገድ ነው።

1. ካርዱ የት እንደሚውል ወስኑ

ለሦስት ቀን ስብሰባ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ ሌላ ነው፤ ዓመታት ሙሉ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ የሚፋተግ መታወቂያ ሌላ። በር የሚከፍት ቺፕ አለው? ፋይዳ ካርድ ላይ እንዳለው ኪውአር ኮድ ይኖረዋል? ይህን ሳትመልሱ ስለ ማሽን አትጠይቁ።

2. የህትመት ዓይነቶቹን ለዩ

ኢንክጄት፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም እየረጨ የሚያትመው፣ ርካሹ ነው። እንደ ኤፕሰን ኤል805 ያለ የፎቶ ፕሪንተር ላይ የካርድ ትሬይ (ካርዱ የሚቀመጥበት ሳህን) ይገባና ሁለት ሁለት ካርድ ይታተማል። ተራ ፒቪሲ ቀለም አይመጥም፤ ስለዚህ ለኢንክጄት ተብሎ የተዘጋጀ ካርድ ያስፈልጋል። ፎቶው ያምራል፣ ግን መከላከያ ሽፋን ካልተደረገበት ቶሎ ይጫራል፣ ፀሐይም ያደበዝዘዋል። ለስብሰባ ባጅ ግን ምን ይወጣለታል!

ቢሮ ውስጥ በብዛት የምታዩት ትንሹ ማሽን በሪበን፣ ማለትም ቀለም በተቀባ ስስ ጥብጣብ፣ ቀጥታ ካርዱ ላይ የሚያትመው ነው፤ ብዙውን ጊዜ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)። ሪበኑ ላይ ቢጫ፣ ማጀንታ፣ ሳያን፣ ጥቁርና ግልጽ መከላከያ ተራ በተራ ተደርድረዋል። ሄዱ (የማሽኑ ማተሚያ ጫፍ) እየሞቀ ቀለሙን ወደ ፕላስቲኩ ያሰርገዋል። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል፤ ሄዱ ካርዱን ይነካል። ጠርዙ እንዳይጎዳው ዳር ዳሩን ቀጭን ነጭ ትቶ ያትማል። ቺፕ ባለበት ቦታ ላይ ካርዱ ትንሽ ስለሚያብጥ ወይም ስለሚጎደጉድ ቀለሙ እኩል አይዝም። አቧራ ካለ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ሄዱ ከተጫረማ ከዚያ ወዲያ የሚወጣው ካርድ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ መስመር ይዞ ነው፤ መቀየሪያው ደግሞ ኪስ ይጎዳል። ካርዱን በጠርዙ ያዙ፣ ማሽኑንም በማጽጃ ካርዱ በየጊዜው አጽዱ።

ሪትራንስፈር የሚባለው መጀመሪያ ስስ ፊልም ላይ ያትማል፤ ከዚያ ፊልሙን በሙቀት ካርዱ ላይ ይለጥፋል። ሄዱ ካርዱን ስለማይነካ ቺፕ አያስቸግረውም፣ ቀለሙም እስከ ጠርዙ ድረስ ይሞላል። 600 ዲፒአይ የሆኑም አሉ። በምትኩ ከሪበኑ ሌላ ፊልምም ትገዛላችሁ፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ሙቀቱ ተራ ፒቪሲን ሊያጣምም ስለሚችል ፔት የሚባል ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ካርድ ይመረጣል። በር የሚከፍት ቺፕ ላለው የሠራተኛ መታወቂያ እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው።

ሌዘር ፖሊካርቦኔት ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ካርድን ከውስጥ እያጠቆረ ይጽፋል። ቢፈገፍጉት አይለቅም፤ ለፓስፖርትና ለብሔራዊ መታወቂያ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ጽሑፉና ፎቶው ግን ጥቁርና ግራጫ ነው። ለትምህርት ቤት አይታሰብ።

3. የማሽኑን ሳይሆን የአንዷን ካርድ ዋጋ አስሉ

ባለ 200 ሪበን 200 ፊት ብቻ ያትማል። ፎቶው የቴምብር ቢያህልም ሙሉው የቀለም ስብስብ ይሄዳል። ጀርባውም ባለ ቀለም ከሆነ 100 ካርድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ቁጥሩ ብዙ ከሆነ ሎጎውንና መደቡን ማተሚያ ቤት በኦፍሴት አስቀድሞ ያትመው፤ ስምና ፎቶ ብቻ በጥቁር ሪበን ይጨመር። አንድ ጥቁር ሪበን እስከ 1000 ካርድ ሊሄድ ይችላል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሆናል እንጂ ወጪው በጣም ይወርዳል።

4. ናሙና ተቀብላችሁ ፈትኑ

የስልካችሁን ካሜራ አቅርባችሁ ፎቶውን እዩት። የኢንክጄት ከሆነ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይታያል፤ የሪበን ከሆነ ቀለሙ ያለ ነጥብ ይዋሃዳል። ቀጥሎ ጽሑፉን እዩ። በእውነተኛው ጥቁር ሪበን የታተመ ፊደል ጠርዙ ስል ነው። ዙሪያው ደብዘዝ ካለና ቡናማ ነገር ካለበት ጥቁሩ ከሦስቱ ቀለሞች ተደባልቆ የተሠራ ነው። ባርኮድ እንዲህ ከታተመ ለዓይን ጥቁር ቢመስልም በኢንፍራሬድ (ለዓይን በማይታይ ብርሃን) የሚያነብ መሣሪያ አያየውም። «ባርኮዱ በኬ ሪበን ይታተም» ብላችሁ እዘዙ፤ ኬ የሚባለው ጥቁሩ ነው። በመጨረሻ ካርዱን በእርጥብ ጣት እሹት፣ በሳንቲም ጫር አድርጉት፣ ኮዱንም በምትጠቀሙበት መሣሪያ አስነብቡት።

5. ከታተመ በኋላ

ለስላሳ የፕላስቲክ ማቀፊያ ውስጥ የቆየ ካርድ ቀለሙ ወደ ማቀፊያው ሊሄድ ይችላል፤ ጠንካራውን መያዣ ግዙ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ያገለገለው ሪበን ነው። ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን ብትይዙት ጥቁሩ በለቀቀበት ቦታ የእያንዳንዱ ሰው ስምና ቁጥር ፍንትው ብሎ ይነበባል፤ የፎቶውም ቅሪት አለ። ቆሻሻ ውስጥ እንዳይጣል። ራሳችሁ የምታትሙ ከሆነ ቆራርጡት፤ ውጭ የምታሳትሙ ከሆነ ደግሞ ሪበኑ ለእናንተ እንደሚመለስ ውሉ ላይ አስጽፉ።